ፋሲካ በምሪት ቤት

«ከአልጋው ሥር አየህ?»

«አየሁ።»

«ከመስኮቱ ደፍ ላይስ?»

«እሱንም አየሁ አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው አንዱ ቀርቷል።»

ከዚያ በኋላ የሴት ሳቅ ተሰማ፤ ወይም ሳቅ ይመስል ነበር። ሃምሳ አለቃው ይህን ንግግር ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የሰማው የወተት ጥርሱ ገና ተነቅሎ ሳያልቅ ነው። ተናጋሪዎቹ እናትና አባቱ ይሁኑ ወይስ ሌላ ሰው፣ ዛሬ ቢጠይቁት ምሎ አይናገርም። የቀረለት ሁለት ጥንድ እግር፣ ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትል የሻማ ብርሃንና ያቺ «አንዱ ቀርቷል» የምትለው ቃል ብቻ ናት። ምን እንደሚፈልጉ አላወቀም። ብዙም ሳይቆይ ለንጉሡ ጦር ልጆች የሚለቅሙ ሰዎች መንደሩን ከበው፣ ከእኩዮቹ ጋር በጋሪ ጭነው ወሰዱት። የጦር ሠፈሩ ቄስ ውሃ አፍስሶ አጠመቀው፤ ሌላ ስምም አወጣለት። መጀመሪያ ከበሮ መምታት ተማረ፣ ክንዱ ሲጠነክር ጠብመንጃ ሰጡት። በየሠፈሩ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ያንን ንግግር ባሰበው ቁጥር፣ ሰዎቹ ይፈልጉ የነበረው እሱን ራሱን ይመስለው ጀመር። የቀረው አንዱ እሱ ነው፤ እነሱም እስከ ዛሬ ሻማ ይዘው ይፈልጉታል።

አሁን ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበት፣ ያንኑ ሐሳብ እንደ ስንቁ ተሸክሞ፣ ጭቃ እየረገጠ ወደ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ይገባል። ከፊቱ ከበሮው ይደልቃል፤ ከኋላው ሰዎቹ ያስላሉ። ወታደሩን ቤት ለቤት የሚመራው ጸሐፊ በየበሩ ላይ በኖራ እየጻፈ ይሮጣል። እዚህ ቤት ወታደሮች፣ እዚያ ቤት አለቃ። ጦሩ የሚያርፈው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከነገ ወዲያ ማለዳ ጉዞ ይቀጥላል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ለርስዎ የደረሰዎት የበርሜል ሠሪው ቤት ነው» አለው አሥር አለቃው፣ የተመራበትን ቤት አይቶ ከተመለሰ በኋላ። ይህ አሥር አለቃ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው ነበር። «አይሁዶች ናቸው። ደግሞ ነገ ማታ ፋሲካቸው ይገባል፤ ሳምንት ሙሉ ዳቦ በዓይናቸው አያዩም አሉ። እኔ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከሥጋ ሻጩ ቤት ነኝ። ሆድዎ ሲጮህ ይጥሩኝ።»

«የማን ሆድ ነው የሚጮኸው? ያንተ ሆድ አይደል እንዴ ከከበሮው ቀድሞ ጦሩን የሚቀሰቅሰው!» አለው ሃምሳ አለቃው። ድምፁ እንደ ወትሮው ወጣ። ወደ በሩ ግን ቀስ ብሎ ነው የሄደው።

በሩን የከፈቱለት በርሜል ሠሪው ራሳቸው ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ፣ የቆዳ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ። ከኋላቸው ሚስታቸው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በአመድ ውሃ ቀልቶ፣ ጨርቅ እንደያዙ ቆመዋል። ቤቱ እርጥብ እንጨትና ሳሙና ይሸታል። ድስቱም ማንኪያውም ከፈላ ውሃ ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርድሯል።

«ይግቡ፣ ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው። የደንብ ልብሱን አዩ እንጂ ፊቱን አላዩም።

«ጫማዎን... አይቆጡኝና ጌታዬ» አሉ እመቤቲቱ፣ «ይህን ወለል ስፈገፍግ ነው የዋልሁት።»

ሃምሳ አለቃው ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ። እመቤቲቱ ባላቸውን አዩ፤ ባላቸው ጣሪያውን አዩ። በሴት ቃል ጫማውን ያወለቀ ወታደር በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም።

ከምድጃው አጠገብ ያለውን ጥግ ሰጡት። ከረጢቱን ሊያስቀምጥ ሲል ግን ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ በከረጢቱ ውስጥ የሚበላ ነገር ይኖር ይሆን?»

«ኮቾሮ አለ፤ ያው ደረቁ የጦር ዳቦ።»

«እንዲያ ከሆነ ሚስቴ መጋረጃ ትጋርድልዎታለች። በክፉ አይዩብን። ሕጋችን ሆኖ፣ እርሾ የነካው ነገር ከነገ ረፋድ ጀምሮ በቤታችን የእኛ ሆኖ ሊገኝ አይገባም። አባቶቻችን ከባርነት ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቅ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ያንን ለማሰብ ነው። የእንግዳ ሲሆን ግን የእንግዳው ነው። ጋርደን እናልፈዋለን፤ እኛን አያስጠይቀንም።»

«የወገን ሲሆንስ?»

ቃሉ ሳያስበው አመለጠው። ሽማግሌው የተለመደ ጥያቄ የተጠየቁ መስሏቸው ወዲያው መለሱ። «የወገን ሲሆንማ መጋረጃ አያድነውም፤ ይቃጠላል።»

እመቤቲቱ ግን አንሶላውን ገመዱ ላይ እየሰቀሉ ሳሉ እጃቸው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው የአንሶላውን ጫፍ ጎተት ጎተት አድርገው አስተካከሉት።

ሃምሳ አለቃው ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። ወደ ቀድሞ እምነቱ የተመለሰ ወታደር ምን እንደሚደርስበት አሳምሮ ያውቃል። ማዕረጉ ይገፈፋል፤ ያገለገለው ዘመን ሁሉ እንዳልነበር ተቆጥሮ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ያስጠጉትም ሰዎች አይተርፉም። አፉን ዘግቶ ማደር ይችላል። ግን ስንት ከተማ በከበሮ አለፈ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ዛሬና ነገ ዝም ካለ፣ ማን ነህ ተብሎ የሚጠየቅበት ደጃፍ ከእንግዲህ አያገኝም።

ፀሐይ ጥልቅ ስትል የቤቱ ድምፅ ተለወጠ። ሽማግሌው አንዲት አጭር ጸሎት አነበነቡ፤ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። በመጋረጃው ላይ የሻማ ብርሃን ወዲያ ወዲህ ስትል ታየች። የላባ መጥረጊያ እንጨት ሲነካ፣ ፍርፋሪ በእንጨት ማንኪያ ላይ ሲወድቅ ይሰማል። ከፍለጋው በቀር ሌላ ወሬ አይነሣም።

«ከሣጥኑ ጀርባ አየህ?» አሉ እመቤቲቱ።

«አየሁ።»

«ከሰዓቱ በላይስ?»

«አይቻለሁ አንቺ ሴትዮ!»

«እንግዲያው አንዱ ቀርቷል።»

ሃምሳ አለቃው መጋረጃውን ገልጦ እንዴት እንደወጣ አላወቀም። በካልሲው ቆሞ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ «ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አለ።

ሁለቱም ደነገጡ። ሽማግሌው ማንኪያውን ከጀርባቸው ሊደብቁ ምንም አልቀራቸውም። «ዳቦ ነው ጌታዬ፤ ሌላ ነገር አይደለም። ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ባለው ማታ በቤቱ ውስጥ የቀረ እርሾ እንዳይኖር በሻማ ይፈለጋል። ፍለጋው ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ቀድመን አሥር ቁራሽ እንደብቃለን።»

«ራሳችሁ ደብቃችሁ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ?»

«ደባቂው ወጣት ሳለ ችግር አልነበረውም» አሉ እመቤቲቱ።

«ተዪኝ እስቲ! በዚህ እጄ ነው ያስቀመጥሁት፤ የት እንደሆነ ብቻ ነው የጠፋኝ።»

«ሰውየው የጠፋው የት እንደሆነ ብቻ ነው ይለኛል! ካልተገኘ እኮ ቤቱን እንደገና ከጣሪያ ጀምረን ልንፈትሽ ነው። ወገቤ አልቆልኛል።»

ሃምሳ አለቃው ያን ጊዜ ልቡ በሁለት ነገር ተያዘ። አንደኛው ሳቅ ነበር፤ ሁለተኛው ምን እንደሆነ ስም አልነበረውም። ለካስ ይፈልጉ የነበረው እሱን አይደለም! ዕድሜውን ሙሉ ያንን የጨለማ ፍለጋ እንደ ሙሾ ሲያስታውስ ኖሯል፤ ሰዎቹ ግን ለበዓል ሽር ጉድ ሲሉ ነበር። ያቺ ሳቅ እውነትም ሳቅ ነበረች።

ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አያቸው። ብዙ ወታደር የፈተሸ ሰው ዓይን ነበረው። «አባባ» አለ፣ «የሽርጥዎን ኪስ ይዩት እስቲ።»

በርሜል ሠሪው እጃቸውን ሰደዱ። ከምስማርና ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር በጨርቅ የተቋጠረች ቁራሽ ወጣች። ደብቄያለሁ ብለው ሲምሉላት የነበረችው ቁራሽ ከኪሳቸው ጨርሶ አልወጣችም። እመቤቲቱ ግድግዳውን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ሽማግሌው ሊቆጡ ፈልገው አልሆነላቸውም።

«ጌታዬ ባይደርሱልን ኖሮ» አሉ እመቤቲቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «በዓሉን በፍለጋ እናሳልፈው ነበር።»

ጋደም ካሉ በኋላ፣ እመቤቲቱ ለባላቸው የሚናገሩ መስለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ተሰማ። «ነገ ረፋድ ግቢው ውስጥ እሳት እናነዳለን። እሳት ላይ የሚጥል ነገር ያለው ሰው ካለ፣ ሳይከስም ይድረስ።»

«በዚህ ቤት ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን አለ?» አሉ ሽማግሌው።

«ተኛ አንተ።»

በማግስቱ ግቢው ውስጥ የመላጊያ ፍቅፋቂና የተሰበረ ጣውላ ተቆልሎ እሳቱ ነደደ። ሽማግሌው የተለቀመውን ፍርፋሪ ከነላባውና ከነማንኪያው ጣሉበት። ቀጥለውም ያዩትም ያላዩትም፣ ያወቁትም ያላወቁትም እርሾ ሁሉ የእነሱ እንዳይሆን፣ እንደ ምድር ትቢያ እንዲቆጠር ተናገሩ። ነበልባሉ ዝቅ ማለት ጀመረ። እመቤቲቱ ወደ ቤቱ በር አላዩም፤ እንጨት ግን ጨመሩ። እንደገና ዝቅ አለ። እንደገና ጨመሩ።

«ይበቃል እኮ፣ ጎረቤት ልታቃጥይ ነው?» አሉ ባላቸው።

በሩ ተከፈተ። ሃምሳ አለቃው ቀበቶውን ታጥቆ፣ ከረጢቱን በእጁ ይዞ ወጣ። ፊት ለፊት ሄዶ እሳቱ ጋ ቆመና ከረጢቱን ገለበጠው። ኮቾሮው እንደ ድንጋይ እየተንኳኳ ወረደ።

የዚህን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ አንድ ራስ ብቅ አለ።

«ሃምሳ አለቃ! የንጉሡን ስንቅ ማቃጠል ተጀመረ እንዴ?»

እመቤቲቱ ጨርቃቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሃምሳ አለቃው ሳይዞር፣ «ነቅዟል» አለ።

«የኔም ነቅዟል! እኔ ግን ሥጋ አለበት ብዬ እበላዋለሁ» አለ አሥር አለቃው፣ በራሱ ቀልድ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። እሳቱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ የአለቃውን ጀርባ አየ። ያ የማያርፍ አፉ አንድ ነገር ሊል ተከፈተና ተመልሶ ተዘጋ። «ማታ ስም ጥሪ እንዳይቀሩ ብቻ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ከዚያ በኋላ ሰዎቹን እኔ አያቸዋለሁ። ወደዚህ የሚመጣ አይኖርም።» ራሱ ከአጥሩ ኋላ ጠፋ።

ኮቾሮው ጠቆረ፣ ተሰነጠቀ፣ አመድ ሆነ። በርሜል ሠሪው እጃቸውን በሽርጣቸው ላይ ደጋግመው ጠረጉ።

«ስንት ዓመትህ ነበር፣ ሲወስዱህ?» አሉ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ያለፉት ራሳቸው ሳያውቁት ነው።

«ጥርሴን እየነቀልሁ ነበር፣ አባባ።»

እመቤቲቱ ቀድመዋቸው ወደ ቤት ገብተው ነበር። አንሶላውን ከገመዱ ላይ በአንድ ምንጭቅታ አወረዱት። «ይህ ከሚታጠበው ልብስ ጋር ይሂድ» አሉ፤ «ምን ይሠራል እዚህ ተንጠልጥሎ?»

በዚያ ማታ ሃምሳ አለቃው ከስም ጥሪ ሲመለስ የመስኮቱ መዝጊያ ተዘግቶ፣ ጠረጴዛው ነጭ ልብስ ለብሶ ጠበቀው። ሻማዎቹ በርተዋል። በመካከል ሦስት ቂጣዎች በጨርቅ ተሸፍነዋል። በአንድ ሳህን ላይ መራራ ቅጠል፣ የተጠበሰ አጥንት፣ እንቁላል፣ ከፖምና ከቴምር የተደቆሰ ጭቃ የሚመስል ነገር አለ። አጠገቡ የጨው ውሃ ተቀምጧል። ወንበሮቹ ላይ ሁሉ ትራስ ተደርጎባቸዋል፤ እሱ እንዲቀመጥ በተሰጠው ላይ ያለው ትልቁ ነበር።

«ይህ ማዕድ ሴዴር ይባላል» አሉ ሽማግሌው፤ «ሥርዓት ማለት ነው። ምንም ነገር ከተራው አይወጣም፤ ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ አንተ ተከተለን።»

የመጀመሪያው ጽዋ ተቀዳ፣ ተባረከ። ሽማግሌዎቹ፣ «ነፃ ሰው ጋደም ብሎ ይጠጣል» ብለው፣ ትራሳቸው ላይ ወደ ጎን ጋደም አሉና ጠጡ። ሃምሳ አለቃው ጀርባውን እንደ ጠብመንጃ ቀጥ አድርጎ ጠጣ። አዩትና ወደ ሳህኑ ዞሩ። ቅጠል በጨው ውሃ ነክረው አጎረሱት። «የባሮቹ እንባ ነው» አሉ እመቤቲቱ። ሽማግሌው መካከለኛውን ቂጣ ለሁለት ሰበሩና ትልቁን ግማሽ ለኋላ አስቀመጡ። ሳህኑን አንሥተው፣ «ይህ አባቶቻችን በባርነት አገር የበሉት የመከራ እንጀራ ነው፤ የራበው ሁሉ ይምጣና ይብላ» ሲሉ ወደ እንግዳቸው አዩ።

ሁለተኛው ጽዋ ሲቀዳ እመቤቲቱ ወደ እንግዳቸው ዞሩ። «እዚህ ላይ ከማዕዱ ታናሽ የሆነው ይጠይቃል። ልጅ አልታደልንም፤ በዚህ ቤት ስንት ዘመን ታናሿ እኔው ነበርሁ። ዛሬ አንተ ነህ፤ ግን ቃሉን እስክትማር ልጠይቅልህ።» እናም እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ እንደ ልጅ በዜማ ጠየቁ። ይህ ሌሊት ከሌላው ሌሊት ሁሉ ለምን ተለየ? በሌላው ሌሊት የቦካም ያልቦካም እንበላለን፣ ዛሬ ለምን ቂጣ ብቻ? በሌላው ሌሊት ያገኘነውን ቅጠል እንበላለን፣ ዛሬ ለምን መራራ? በሌላው ሌሊት አንድ ጊዜ እንኳ አንነክርም፣ ዛሬ ለምን ሁለት ጊዜ? በሌላው ሌሊት ቀጥ ብለንም ጋደም ብለንም እንቀመጣለን፣ ዛሬ ለምን ሁላችንም ጋደም አልን?

አሁን ተራው የሽማግሌው ነበር። መጽሐፉን ገለጡ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። ሻማው ትር ትር አለ።

«ምነው አባባ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እንዴት ብዬ ልመልስላት? ሁላችንም ለምን ጋደም አልን አለችኝ። ሁላችንም አይደለንም።»

ሃምሳ አለቃው ጆሮው ድረስ ቀላ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «እኔ ደጅ ልቁም። እናንተ ቀጥሉ።»

«ተቀመጥ!» አሉ እመቤቲቱ። የጦር አለቃ ትእዛዝ ይመስል ነበር፤ ተቀመጠ። «ምንድን ነው የሚያስቸግርህ? ትራሱ ነው?»

«ትራሱ አይደለም፣ እማማ።» ትራሱን ገፋ አደረገው። «ጋደም የሚል ነፃ ሰው ነው ብላችኋል። እኔ ነፃ አይደለሁም። ነገ ማለዳ ከበሮው ይመታል፤ ተነሣ ይለኛል፣ እነሣለሁ፤ ሂድ ይለኛል፣ እሄዳለሁ። ገና ብዙ ዓመት አለብኝ። እንደ ጌታ ጋደም ብዬ ጽዋ ብይዝ እግዚአብሔርን መዋሸት ነው። ኮቾሮውን ያቃጠልሁት እውነት ስለሆነ ነው። ይህ ግን እውነት አይደለም።»

በርሜል ሠሪው አልተከራከሩም። «እውነቱን ነው» አሉ ለሚስታቸው። «ምን ትይዋለሽ?»

እመቤቲቱ ግን ወደ እንግዳው ሳይሆን ወደ ባላቸው ዞሩ። «አባቶቻችን ጠቦቱን አርደው በዚያ ማታ ሲበሉ የት ነበሩ?»

«ግብፅ ነዋ።»

«ፈርዖን ለቋቸው ነበር?»

«ኧረ ገና! እየበሉ ሳለ እነሱ ገና...» ሽማግሌው ቃላቸውን ሳይጨርሱ ቆሙ። ሚስታቸውን እያዩ ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«በል ጨርስልኝ።»

«ገና ባሮች ነበሩ» አሉ ሽማግሌው። ወደ ሃምሳ አለቃው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ አየህ፣ ወገባቸውን ታጥቀው ነው የበሉት፤ አንተ አሁን እንደታጠቅኸው። ጌቶቻቸው በጎረቤት ነበሩ። በሩ የተከፈተላቸው ከበሉ በኋላ ነው። የመውጣታቸውን በዓል ሳይወጡ አከበሩት፤ ውሸታቸውን ነው ያለ ማንም የለም። እግዚአብሔር ራሱ ነው ብሉ ያላቸው።»

«ነገ ከበሮው ሲመታ እነሣለሁ፣ አባባ።»

«ተነሥ። አትነሣ አላልሁህም። ነገ የከበሮው ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ ዛሬ ማታ ነው።»

ሃምሳ አለቃው እጆቹን አያቸው። ውጭ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አሥር አለቃው ለአንድ ሰው ጮክ ብሎ ረጅም ቀልድ ሲያወራ ይሰማል፤ ሳቁ መንገዱን ዘግቶ የቆመ ዘብ ይመስል ነበር። እመቤቲቱ ጽዋውን ወደ እንግዳው ጠጋ አደረጉለት። አልቸኮሉም። ሽማግሌውም መጽሐፉ ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ መልሱ የሚጀምርበትን መስመር ይዘው ጠበቁ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ወደ የትኛው ጎን ነው?»

«ወደ ግራ!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ቀስ ብለህ» አሉ በርሜል ሠሪው፤ «ጣውላም በአንድ ጊዜ አይጎብጥልኝም።»

ሃምሳ አለቃው ቀበቶውን አላላ፤ ክርኑን ትራሱ ላይ አሳረፈና ወደ ግራ ጋደም አለ።